ባለ ሦስት እግሯ ወንበርና የኪጋሊዋ ዜሮ

አቶ ሽፈራው አናጢ ናቸው። አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈራቸው መዶሻቸውን ሲያነሱ የከተማው ሐይቅ ጉማሬ ሰዓቱን ያስተካክላል ይባላል፤ ይህን የሚለው ሰው ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁም ሣጥን አስረክበው ሲመለሱ፣ የተሳፈሩበትን ባጃጅ የሚነዳው ሀብታሙ ዞር ብሎ፣

«ጋሼ፣ ልጅዎን ሮሆቦትን ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ አየኋት። ሁለት እግሯ እስከ ጭኗ በነጭ ታስሯል» አላቸው።

«ሁለቱም?»

ባጃጁ ወደ ጉዱማሌ ተጠመዘዘ። አቶ ሽፈራው በቤተ ክርስቲያናቸው ለሕሙማን የሚጸልዩ ሽማግሌ ናቸውና መንገዱን ሁሉ ሲጸልዩ ሄዱ። ጸሎቱ ሳይሠራ አልቀረም፤ ሲደርሱ እግሯ ታስሯል የተባለችው ልጅ እንደ ሚዳቋ ትሮጣለች።

«እግርሽስ?»

«መከላከያ ነው አባባ፤ በዱላ የምንመታው የክሪኬት ኳስ ድንጋይ በሉት።» ሮሆቦት ላቧን ጠርጋ ከቦርሳዋ የጉዞ ፈቃድ ወረቀት አወጣች። «እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት። አሥራ ስምንት ስላልሞላኝ የአባት ፊርማ ግድ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልፈረሙልኝ ብሔራዊ ቡድኑ በቦታዬ ሌላ ልጅ ይወስዳል።»

«አምና ፈርሜ አልነበር? ኪጋሊ ድረስ በአውሮፕላን ሄደሽ፣ የመጀመሪያዋ ኳስ ከኋላሽ ያሉትን እንጨቶች ጣለችና ከጨዋታ ወጥተሽ ዜሮ ይዘሽ መጣሽ። ዜሮ እዚህም አለ ልጄ፤ ፓስፖርት አይጠይቅም። ደግሞ ጉዱማሌ ላይ በበዓል ቀን ዱላ ይዞ የሚቆም ሽማግሌ ነው። ሴት ልጅ ስትይዝ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚሉት ሀብታሙን ነው፤ እሱም እግሯ ተሰበረ ብሎ አውርቶልኛል።»

ሀብታሙ ባጃጁን መወልወል ጀመረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ሮሆቦት። «ሱቅዎ ውስጥ የሰቀሏትን ባለ ሦስት እግር ወንበር ለምን አይጥሏትም?»

ወንበሯ የአቶ ሽፈራው የመጀመሪያ ሥራ ናት። ፓስተሩ በተቀመጡባት ዕለት አራተኛው እግር ከዳ፤ ሲወድቁ በተሰማው ድምፅ የታቦር ተራራ ጦጣዎች ሦስት ቀን ጾሙ።

«ስህተቴን እንዳልረሳ ነው» አሉ አቶ ሽፈራው። «ችኮላ ነበር።»

«ታዲያ አናጢነቱን ተዉት?»

«ብተወው አንቺን በምን አሳድግሽ ነበር?»

«የአናጢነት አስተማሪዎ ያኔ ዳግመኛ እንጨት እንዳትነካ ቢልዎትስ?»

አቶ ሽፈራው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በማግስቱ ሌላ እንጨት ሰጠኝ» አሉ።

«የእኔም ስህተት ችኮላ ነው አባባ፤ ኳሷ ሳትደርስ ዓይኔን አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ ዓመቱን ሙሉ መጠበቅን ስለማመድ ከርሜአለሁ። እስቲ ይወርውሩልኝ።»

ወረወሩ። ሮሆቦት ኳሷ መሬት ነጥራ አጠገቧ እስክትደርስ ጠብቃ መታቻት፤ ያን ቀን ሐይቁ ላይ አንድ አሣ በኳስ ተመትቶ ተያዘ የሚሉም አሉ። አቶ ሽፈራው ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አወረዱ።

«በእርሳስ አይሆንም አባባ።»

«እንግዲያው ሀብታሙ እስክሪብቶ ያምጣ፤ የወሬው ቅጣት ይሁነው።»

ሮሆቦት በዚያ ጉዞ ሃያ ሦስት ነጥብ አስመዘገበች። ነጥቡ አዲስ ከተማ እስኪደርስ በአባቷ አፍ ሁለት መቶ ሠላሳ ሆኗል። የጨመሩት ይቅርና፣ ጥቅሙ ግን እውነት ነው፤ መጠበቅ የለመደች ልጅ ፈተና ላይም አትደነግጥም፣ የሮጠ ገላም በሽታን ይገፋል። ይህን ያየችው ጎረቤታቸው ኑሪያ ሁለት ሴት ልጆቿን ወደ ሜዳው ልካለች።

ዛሬ ከባለ ሦስት እግሯ ወንበር ጎን የአምናዋ የኪጋሊ ዱላ ተሰቅላለች። ደንበኛ ዋጋቸውን ሲጠይቅ አቶ ሽፈራው፣ «አይሸጡም፤ ሁለቱም የመጀመሪያ ሥራ ናቸው» ይላሉ።