የገጽ አንድ መቶ አርባ ሦስት ዳር

ከዛሬ አርባ አራት ዓመት በፊት፣ ዝናሙ ባባራበት ወር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሆነው ነገር ዛሬ ልንሰናበታቸው የቆምንላቸውን ሰው ቀሪ ዘመን ሁሉ ስለገዛው፣ ታሪካቸውን እንደ ደንቡ ከልደታቸው ብጀምርም፣ ያንን ጊዜ ከወዲሁ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ።

ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ከሰባ ዓመት በፊት ተወለዱ። ሁለቱም ወላጆች በተከታታይ ስላረፉባቸው ያሳደጓቸው በሰባት ዓመት የሚበልጧቸው ታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ እኒህም ገና በመምህርነት ሥራ ሳይቀመጡ ታናሻቸውን አብልተው፣ አልብሰውና ገሥጸው ለሰው ያበቁ ነበሩ። ሟቹ በትምህርት እስከ አሥረኛ ክፍል ዘልቀዋል፤ ከዚያ በላይ ያልገፉበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ «ቀለሙ ጭንቅላቴን ትቶ ጣቴ ላይ ቀረ» እያሉ ይስቁ ነበር።

በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በአንድ ማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ አንድ፣ ሙጫው ከማለዳ እስከ ማታ የሚሸት ሲሆን፣ የክፍሉ አለቃ ለማንም የማያጥፉት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «ሦስት ጎኑ ያልተከረከመ መጽሐፍ ጢሙን ያልተላጨ ሙሽራ ነው» ይሉ ነበር። ሟቹም ይህን ሕግ እንደ ሃይማኖት ያዙት፤ በመከርከሚያው መኪና ላይ እጃቸው እጅግ የተካነ ከመሆኑ የተነሣ ከሌላ ክፍል ሳይቀር እየተጠሩ ይከረክሙ ነበር።

ታላቅ ወንድማቸው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ዕረፍት ሲያገኙ ብቻቸውን ተራራ ይወጣሉ። ከመጻሕፍት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት፣ አንድ መንገደኛ ከብዙ ዘመን በፊት እርሳቸው የሚወጡትን ያንኑ ታላቅ ተራራ ያቋረጠበትን ጉዞ የጻፈበት፣ ትውልድ ሁሉ የሚያነበው የታወቀ ማስታወሻ ነበር። የእርሳቸው ቅጂ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የተገዛ ሲሆን፣ ቀድሞ ባለቤቱ የነበረ አንድ ሽማግሌ መንገድ መሪ በእርሳስ አርሞት ነበር። ደራሲው በገጽ አንድ መቶ አርባ ሦስት ላይ ከተራራው ማለፊያ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የቀኙን ሸለቆ እንዲይዝ ይመክራል፤ ሽማግሌው ግን የገጹን ጠርዝ ታክኮ፣ በቁመት፣ «ከናዳው ወዲህ ቀኙ ገደል ነው፤ ግራውን ያዝ» ብሎ ጽፎበታል። ወንድምየውም ይህን ለታናሻቸው አንብበው፣ «አየህ? ደራሲ አንዴ አልፎ ይጽፋል፤ መንገድ መሪ ግን እየተመላለሰ ያርማል» ብለዋቸው ነበር።

በዚያ ዓመት መምህሩ ወደ ተራራው ሊሄዱ ሲሰናዱ፣ ታናሽየው መጽሐፉ ተበጣጥሶ ስላዩት በስጦታ ሊያስደስቷቸው ፈለጉ። ሳይነግሯቸው ወስደው እንደ ገና ሰፉት፣ በአዲስ ጨርቅ ለበጡት፣ እንደ ሕጉም ሦስት ጎኑን ከረከሙት። በመነሻው ማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄደው ሰጧቸው፤ ወንድምየው አገላብጠው፣ «እጅህ ይባረክ! ሙሽራ አደረግኸውኮ» ብለው ተሳፈሩ። ሟቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ከመከርከሚያው መኪና ሥር ያለውን ቁርጥራጭ ሲጠርጉ፣ ከብዙ ነጭ ክር መካከል እርሳስ የነካው አንድ ቀጭን ወረቀት በመጥረጊያው ላይ ተጠምጥሞ አገኙ። አንስተው አነበቡት። የሽማግሌው ቃል አንድም ፊደል ሳይጎድለው እጃቸው ላይ ነበር።

በማግስቱ በተገኘው መኪና ተከትለዋቸው ሄዱ፤ አውቶቡሱ በአንድ ቀን የሚጨርሰው መንገድ፣ መኪና እየለወጡ ስለሄዱ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ከተራራው ግርጌ ሲደርሱ ወንድምየው በቀጠሩት ቀን ወደ ታች አልወረዱም ነበር። ሰው ተሰበሰበ፤ ጉሙ ከባድ፣ ሰው ጥቂት፣ ሸለቆዎቹም እጅግ የተራራቁ ስለነበሩ የፈላጊዎቹ መሪ፣ «ልጄ፣ ወንድምህ በየትኛው የሚወርድ ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቃቸው። «በቀኙ» አሉ። «እርግጠኛ ነህ?» ቢላቸው፣ «በዚያ የላክሁት እኔ ነኝ» ብለው መለሱ። በቀኙ ሸለቆ ለአሥር ቀን ተፈለጉ፤ ምንም አልተገኘም።

ሟቹ ከዚያ ቀን ወዲህ መከርከሚያ መኪና ነክተው አያውቁም፤ ወደ ስፌት ጠረጴዛ እንዲዛወሩ ለምነው ተዛወሩ፤ ባልደረቦቻቸውም «ዳር አይነኬ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ስሙም ሳይከፋቸው እስከ ጡረታቸው ተጠሩበት። ለአሳታሚው ሦስት ጊዜ ጽፈው ገጹ እንዲታረም ቢጠይቁ፣ ደራሲው ስለሞተ ጽሑፉን መንካት ነውር ነው የሚል መልስ መጣላቸው። እርሳቸውም አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጡበት መንገድ ወረዱ። ያንን የጉዞ ማስታወሻ ባገኙት ቁጥር እየገዙ፣ ቤታቸው ወስደው ሳይከረክሙ ይጠግኑታል፤ ገጽ አንድ መቶ አርባ ሦስትን ይገልጡና የሽማግሌውን ቃል፣ የማንም ጠራዥ ስለት እንዳይደርስበት ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ አድርገው ይጽፉታል፤ ከዚያም መልሰው ለሻጮቹ በነጻ ይሰጡታል። አንዱ ሻጭ፣ «ጋሼ፣ ይኼን ባለፈው ወር ከእኔው ወስደው ለእኔው አመጡልኝ፤ መጽሐፉ ከርስዎ ጋር ተጋብቷል እንዴ?» እያለ ሲቀልድባቸው፣ «ፍቺ ቢቻልማ ደግ ነበር» ይሉት ነበር።

በሠላሳ ዓመታቸው ነርስ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ አባቱ ሲጠፉ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረውን የወንድማቸውንም ልጅ፣ ይኸውም ይህን የሚያነብላችሁን፣ ከአብራካቸው ከተከፈሉት ሳይለዩ አሳደጉ። ባለቤታቸው በደስታም በምሬትም፣ «የሰው ባል ውሽማ ያስቀምጣል፤ የእኔው ተራራ አስቀመጠ» ይሉ ነበር። ያልተጻፈበት ቅጂ ወደ ቤታቸው በገባ ቁጥር፣ እስኪጻፍበት ድረስ ቁጭ ብለው ምግብ አይቀምሱም ነበር፤ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ ማንነቱን እስኪያዩ ድረስ ቆመው ይቀሩ ነበር።

ወንድማቸው በጠፉ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አፅማቸው መገኘቱ በደብዳቤ ሲነገራቸው ሊረከቡ ብቻቸውን ሄዱ፤ ይዘውም መጡ፤ በክብርም ተቀበረ። የት እንደተገኘ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሁላችንም እናውቃለን ብለን ነበርና። መጻሕፍቱን መግዛታቸውን ያቆማሉ ስንል ከዚያ በኋላ አበዙት፤ በጠቅላላው ከሁለት መቶ በላይ ቅጂዎች በእጃቸው አልፈዋል። ባለፉት ሁለት ዓመታት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እርሳስ መያዝ ሲያቅታቸው፣ ትልቋ ልጃቸው እየጻፈች እርሳቸው ቃል በቃል ያስጽፏት ነበር። በሳንባ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በሰባ ዓመታቸው፣ በቤታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ የታላቅ ወንድማቸውን ባለቤትና ያሳደጉትን ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። የሰውን መንገድ ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ይህችን የደከመች ነፍስ ተቀብሎ፣ በምድር ያላገኘችውን ዕረፍት ይስጣት፤ ለቀረነውም መጽናናትን ያድለን።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ሟቹ ከጸሎቱ በኋላ እንዲነበብ በጽሑፍ ስላዘዙ ነው እስከዚህ ያቆየሁት፤ የወንድማቸውም ባለቤት አስቀድመው ሰምተው፣ «ይነበብ፤ ይብቃው» ብለዋል። አፅሙ የተገኘው በግራው ሸለቆ ነው። በኪሳቸው በነበረው ትንሽ ደብተር ላይ መምህሩ፣ «ሽማግሌው እንዳለው ግራውን ያዝሁ» ብለው ጽፈዋል፤ ቀጥሎም እግራቸው መሰበሩን፣ ከዚያም በየቀኑ አንድ አንድ መስመር፣ የሰባት ቀን። ፈላጊዎቹ በቀኙ ሸለቆ ፍለጋ የጀመሩት ከሰባቱ በሦስተኛው ቀን ነበር።