የመርዶ ነጋሪው ስልክ

ወንድሜ ኪሩቤል ሱሉልታ ካረፈ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የማየው ነገር ሁሉ ከውሃ በታች ያለ ይመስለኛል። የሰዎች ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፃቸው ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። ያን ቅዳሜም፣ ዓርብ መቃብሩን አጥር ላሳጥር ሄጄ ሱሉልታ አድሬ ወደ ሰበታ ስመለስ፣ አየር ጤና ላይ ታክሲው እስኪሞላ መስኮት ዳር ተቀምጬ ነበር። መስታወቱን ጭጋግ ሸፍኖታል። በመዳፌ ብጠርገው የኦቦ ዲሪርሳ ፊት ከወዲያ ብቅ አለ።

ኦቦ ዲሪርሳ ገበሬ ናቸው። ከመሬታቸው ገሚሱ ለግንባታ ሄዶ በቀረችው ጤፍ ይዘራሉ። እድራችን የነባሩ ኦሮሞ ገበሬም ከሰሜን የመጣን የእኛ የነጋዴዎቹም ነው፤ የሁላችንንም መርዶ የሚነግሩት ግን እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው አፍ ካልወጣ እኛ ሰፈር ሰው ሞተ አይባልም። የወንድሜንም ሞት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ያን ቀን የልጅ ልጃቸው ላሊሴ አብራቸው ነበረች። ጋዜጠኝነት ተምራ አሁን ቡራዩ ታስተምራለች።

“አካም ቡልቴ፣ አሥራት” ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠይቀውኝ ከጎኔ ተቀመጡ። እሷ ከኋላችን ተቀመጠች። እንደ ወትሯቸው ዓይኔን አላዩኝም። ምን ሆኑ ብላቸው፣ ነገ በእድሩ ስብሰባ ላይ እድሩ ለሁለት ይከፈል ብለው ሊጠይቁ መወሰናቸውን፣ የገበሬው ለገበሬው፣ የነጋዴውም ለነጋዴው ይሁን ሊሉ መሆኑን ወደ መስኮቱ እያዩ ነገሩኝ። ደነገጥኩ። እሳቸው ከጠየቁ እድሩ እንደሚከፈል ሁለታችንም እናውቃለን። ወንድሜን የቀበረልኝ እድር በአንድ ጀምበር ሊፈርስ ነው።

“ነገሩ ከስልክ የመጣ ነው፣ ጋሼ አሥራት” አለች ላሊሴ። “ከቡራዩ ጀምሮ ስንጨቃጨቅ ነው የመጣነው።”

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። በዝግታ የሚፈስ የሐዘን ዜማ ተሰማ። አንዲት እናት ከተቃጠለ ቤት ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቆየት ብሎ ጽሑፍ መጣ። ክልሉ ራሱን ችሎ አገር የሚሆንበት ሰዓት ደረሰ፤ ሕዝቡ ሁሉ ወስኗል፤ ከሌላው ጋር እድር የሚቀመጥ ባንዳ ነው፤ ሳያጠፉት በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለወገንህ ላክ ይላል።

“ማን ላከልዎት፣ አባባ?” አለች ላሊሴ።

“ጃለታ” አሉ። ጃለታ የእድራችን ወጣት ገበሬ ነው።

“ለጃለታስ?”

“ለእሱ ከሆነ ግሩፕ መጣለት። ‘የነፃነት ንጋት’ የሚባል ሰው ነው የለጠፈው።”

“ንጋት የማን ልጅ ነው?”

የታክሲው ረዳት ሳቀ። ኦቦ ዲሪርሳ አልሳቁም። “ተማርሽና አያትሽን በመስቀለኛ ጥያቄ ታፋጥጫለሽ” አሏት። “መሬቴ ሲሄድ ይሄ ሁሉ ጥያቄ የት ነበር? እስኪ እሱንም ውሸት ነው በይኝ።”

“መሬቱስ እውነት ነው። እውነት ስለሆነ ነው እነዚህ ሰዎች ለውሸታቸው የሚዋሱት። ያልቆሰለ ቦታዎን ቢነኩ መች ይሰማዎታል?”

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ሽማግሌን የሚያሸንፈው እያሳፈረው ነው፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ዝም ይላል እንጂ አያምንም። ላሊሴ ግን እንደዚያ አላደረገችም። የእኔን መርዶ እንዴት እንደነገሩኝ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሳይወዱ ጀመሩ። ከሱሉልታ ሲደወልላቸው ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ራሳቸው ሄደው የኪሩቤልን ፊት አይተው፣ አስከሬኑን ያጠቡትን ጠይቀው ተመለሱ። ዘመዶቼንና የሱቅ ጎረቤቴን ይገዙን ሰብስበው እስኪነጋ ጠበቁ። ያኔ ነው በሬን ያንኳኩት። ጃለታ ደጅ ላይ ዋይ ሊል ሲል አፉን በመዳፋቸው ያዙት። ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

“ለምን ከለከሉት?” አለች።

“መርዶ ነጋሪ ቀድሞ አያለቅስም። ቀድሞ ካለቀሰ ሰሚው ለቅሶውን እንጂ ቃሉን አይሰማም። ማን እንደሞተ ሳያውቅ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል።”

“ይሄ ስልክ ግን ቀድሞ አለቀሰ፣ አባባ። መጀመሪያ ዜማውን፣ ከዚያ እናቲቱን አመጣ። ዓይንዎ እንባ ሲሞላ ነው ቃሉን የሰጠዎት። አንቱ እውነቱን ይዘው እንኳ እስኪነጋ ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይላል። እውነት የሆነ ነገር ነገ ያረጃል እንዴ?”

ሽማግሌው ስልካቸውን መልሰው አዩት። እኔ ግን ያ ዜማ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ የሆነ ቦታ የሰማሁት መሰለኝ። ስልኬን ከፍቼ በሐዘኔ ሳምንታት ሳላየው የተከማቸውን መልእክት ሁሉ ወደ ኋላ ፈለግሁ። ይገዙ የላከልኝ ተገኘ። ያቺው እናት፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ለቅሶ። ጽሑፉ ግን ሴቲቱ የእኛ የሰሜኖቹ እናት መሆኗን፣ ቤቷን ያቃጠሉት ተገንጣዮች መሆናቸውን፣ ከእነሱ ጋር በአንድ እድር የሚቀበር ሁሉ ከሃዲ መሆኑን ይናገራል። እሱም ሳይጠፋ ላክ ይላል።

ኦቦ ዲሪርሳ ሁለቱን ስልኮች በሁለት እጃቸው ያዙ። ሴቲቱ በሁለቱም መዳፎቻቸው ላይ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር።

“የማን እናት ናት?” አሉ።

“አናውቅም” አለች ላሊሴ። “እዚህ አገር ያለችም ላትሆን ትችላለች።”

“ታዲያ ነፃነት የሚል ሁሉ ሌባ ነው ልትይኝ ነው?”

“አላልኩም። አንድነት የሚለውም ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ይኸው የጋሼ አሥራትን ስልክ አይተዋል። ክልሉ ለብቻው ይሁን አይሁን፣ ሰው በስሙና በፊቱ ተቀምጦ የሚከራከርበት ነገር ነው። የምር የሚከራከር ሰው የሚገኘውንም የሚታጣውንም ይነግርዎታል። ወይ ወገን ወይ ባንዳ ብሎ ሁለት በር ብቻ የሚያሳይ ግን እንዲያስቡ አይፈልግም።”

ታክሲው ሞልቶ ተነሣ። ጭጋጉ መንገዱን እየከፈተልን መልሶ ከኋላችን ይዘጋው ነበር። ባሕር ዛፎቹ ሥር የሌላቸው ይመስል በአየር ላይ ተንሳፍፈው ያልፋሉ። ዓለም ገና ከተማ እስክንደርስ ኦቦ ዲሪርሳ ሁለቱን ስልኮች ያስተያዩ ነበር። ምን እንዳሰቡ እኔም አላወቅሁም፤ ላሊሴም አልጠየቀቻቸውም።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ገበሬዎቹ በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላ ወገን ተቀመጥን፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ተቀምጠን አናውቅም። ኦቦ ዲሪርሳ ተነሡ። ሊጠይቁት የነበረውን ሳይደብቁ ተናገሩ። ከዚያ ሁለቱን ስልኮች አሳይተው ያቺን ሴት በዓይኑ ያየ፣ ስሟን የሚያውቅ፣ ለቅሶዋን የደረሰ ካለ እንዲነሣ ጠየቁ። ማንም አልተነሣም። ይገዙ አንገቱን ደፋ።

“አባባ፣ ላሊሴ አሳመነችዎት አሉ” አለ ጃለታ። “መሬታችንንስ ረሱት?”

“አልረሳሁም፣ አንተ። የመሬቴን ነገር በስሜ፣ ቀን በቀን፣ ወረዳው ደጅ ቆሜ እጠይቃለሁ። ስለ አገሩም የሚከራከረኝ ቢመጣ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ይሄ ግን እድራችሁ ሞቷል፣ ቅበሩት ብሎ የመጣ መርዶ ነው። ሄጄ አየሁት፤ አልሞተም። እኔ በሕይወት ያለ ሰው መርዶ ተናግሬ አላውቅም።”

እድሩ አልተከፈለም። ሰዉ መሬትን በተመለከተ ያለው አቋም አልተለወጠም፤ ስለ ክልሉም የሚያስበውን ያስባል። ዛሬ ግን በእኛ ሰፈር ስልክ ላይ የሚያስለቅስ ነገር ሲመጣ፣ ማን አየው፣ ማን ላከው፣ ለምንስ ያስቸኩለናል ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ እስኪገኝም ያድራል። ካደረው ውስጥ ብዙው ማግሥቱን ለማንም ሳይላክ ይቀራል። በዚህም ጎረቤት ጎረቤቱን ሳይፈራ ሱቁን ይከፍታል፤ እውነተኛው በደልም ከሐሰተኛው ለቅሶ ተለይቶ ይሰማል፤ ሐዘንተኛም የሚያጽናናው ሰው አያጣም። ይህን የምለው እኔ ስላላጣሁ ነው።