የሁለት ቫምፓየሮች ክርክር

በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሰይድ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በአውቶቡስ ስንወጣ ስለ ቫምፓየር ክርክር ገጠምን። እሱ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ያየው ቫምፓየር ካባ የለበሰ፣ መልከ መልካም፣ ፀሐይ ስትነካው አመድ የሚሆን ጌታ ነው። እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩት ደግሞ አፉ የሚከረፋ፣ በጠራራ ፀሐይ ገበያ መሃል የሚዞር፣ የገዛ ዘመዶቹን ደም የሚመጥ ሙት ነው። "የኔው ይሻላል፤ ብቸኝነቱ ያሳዝናል" ይላል ሰይድ። "ደም እየመጠጠ ምኑ ያሳዝናል? እውነተኛው የኔው ነው!" እላለሁ።

ሐረጎ ዳገት ላይ ስንደርስ ከፊታችን የተቀመጡ እናት ዞር አሉ። "ልጆቼ፣ ሁለቱም ሳይጠይቁ ነው የሚወስዱት?" "አዎ እማማ፣ ማን ፈቅዶ ይሰጣል?" አልኳቸው እየሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ወላሂ፣ እኔ እየለመንኩ አጣሁ። ልጄ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ደሴ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ወንድሞቿ ደም የሰጠ ይሞታል ብለው ፈሩ።"

ክርክሩ እዚያው ቆመ። እኔ መርፌ የምፈራ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ከሰይድ ጋር አብሬያቸው ሄድኩ። ደማችን ተስማማና ሁለታችንም ሰጠን። ክንዳችንን በጥጥ ይዘን ስንወጣ ወንድሞቿ በር ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሳችን አዩን። "ምንም አልሆናችሁም?" አለ ታላቅየው። "ራበን እንጂ" አለው ሰይድ። ሰውዬው ፈገግ አለና እጅጌውን እየሰበሰበ ገባ፤ ታናሹም ተከተለው።

በማግስቱ ልንጠይቃት ስንሄድ ትራስ ተደግፋ ልጇን ታጠባ ነበር።