ለበረዶ የተላከ ሽማግሌ

ፔቲሽን? ፊርማ ልታሰባስብ? ተው እንጂ ዮናስ! ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ። ነገ ትምህርት ቤቱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል ብለው ኮል ቢያደርጉልህ አገር ይያዝልኝ አልክ። እኛ በጊዜያችን ፔቲሽን አናውቅም፣ እኛ ሽማግሌ ነው የላክነው። አዎ፣ ሽማግሌ። በበረዶው ነገር። ምን ያስቅሃል?

በጊዜያችን ስል ደግሞ ወንዝ ተሻግረን፣ ጅብ አባረን ተማርን ልልህ አይደለም። እሱን የሚለው አባት ሁሉ ይዋሻል። እኔ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ማንም ኮል አያደርግልንም፣ ዲሌዩን፣ መዘግየቱን፣ እኛው ራሳችን እናውጅ ነበር። ለዝናብ ብሎ ክረምቱን ሙሉ ትምህርት ቤት የሚዘጋ አገር ልጅ፣ ለበረዶ ሁለት ሰዓት አዘገዩብኝ ብሎ ሲያለቅስ ደስ አይልም? ግን አለቀስን። በጊዜያችን የምልህ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሮጌው ሕንፃ ስንኖር ነው።

ታዲያ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ሰብለ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ጎንደሬ፣ ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ። ሥራዋ ሩቅ፣ ወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርስና ቤልትዌዩን፣ ቀለበት መንገዱን፣ ይዛ ትበራለች። ያን ዓመት ደግሞ በረዶው፣ በረዶስ ቢሆን ምናለ፣ የመኪና መስታወት ላይ ትንሽ ውርጭ ሲታይ ስልኩ ይጮሃል። ያቺ ድምፅዋ የተቀዳ ሴትዮ፣ ደስታዋ ደግሞ፣ ልጇን የምትድር ነው የምትመስለው፣ ‹ውድ ወላጆች፣ እንደምን አደራችሁ! ዛሬ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሁለት ሰዓት ዘግይተው ይከፈታሉ!› እና ሰብለ ትዘገያለች። እንደገና ይደወላል፣ እንደገና ትዘገያለች። በመጨረሻ አለቃዋ ጠራቻትና ‹ከእንግዲህ አንድ ቀን ብትዘገዪ፣ እዚያው ቤትሽ ቅሪ› አለቻት። በቃ። ሥራው ከሄደ ቤቱም ሄደ ማለት ነው።

— ልጆቹን ቤት ትታቸው ብትሄድስ ጋሼ?

የሰባትና የአምስት ዓመት ልጆች? ፖሊስ ልታመጣብን ነው? እኔን ደግሞ እንዳትጠይቀኝ፣ እኔ ያኔ ገና ሳይነጋ ቤተዝዳ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ሁሉም ጠዋት ሥራ ነው።

ታዲያ የሕንፃው ሐበሻ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ላውንደሪ ውስጥ ተሰበሰበ። ማድረቂያው እየተንገጫገጨ ነው ስብሰባው። አንዱ ተነሣና ‹እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ናቸው! ሚኒሶታ ልጆች በዚህ በረዶ በቁምጣ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት!› አለ። ሚኒሶታን በካርታም አይቷት አያውቅም። አንዷ ደግሞ ‹ልጅ ከሚሰበር ትምህርት ቢቀር ይሻላል› ስትል ሁሉም እንደ ከዳተኛ አያት። ያኔ መምህር ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ።

መምህር ታደሰ ማለት ዕድሜውን ሙሉ ደሴ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረ፣ እዚህ ልጁ አምጥቶት ጡረታ ላይ ያለ ሰው ነው። ጠዋት ሥራው ታች ካፌ ተቀምጦ ኢትዮጵያን ማስተዳደር ነው። ‹ዳይሬክተርን እኔ አውቀዋለሁ› አለ። ‹ዳይሬክተር ደብዳቤ አይሰማም። ዳይሬክተር ስብሰባ አይፈራም። ዳይሬክተር የሚያፍረው ሽማግሌ ቆሞ ሲለምነው ብቻ ነው!› እና ተጨበጨበ። ሰብለ እንኳ አለቀሰች። ‹እግዜር ይስጥልኝ አባቶቼ፣ ለእናንተ እንቢ አይሉም› አለች።

ሦስት ሆንን። መምህር ታደሰ፣ እኔ፣ ታክሲ የሚነዳው ንጉሤ። ካፖርታችን ላይ ጋቢ ደረብንና ሄድን። እንዴት ነው ያማርነው! ንጉሤን መንገድ ላይ አንዲት ፈረንጅ ‹የምን በዓል ነው?› ብላ ጠየቀችው።

ታዲያ የሰብለ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባን። ደልደል ያለች፣ ፈገግታዋ የሚያምር ጥቁር አሜሪካዊት፣ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተነሥታ ቆማለች። ‹ተቀመጡ› አለችን። መምህር ታደሰ በዚያ እንግሊዝኛው፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ ዕቃ እያወረደ፣ ‹ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም!› አላት። እሷ ግራ ገባት። ‹ወገባችሁን ያማችኋል እንዴ? ከፍ ያለ ወንበር ላስመጣ?› ‹ወገባችን ጤነኛ ነው! አንቀመጥም!› እና ቆምን። እሷም ቆመች። ሽማግሌ ቆሞ እንዴት ትቀመጥ፣ አስተዳደጓ ጥሩ ነው።

ወግ ነውና መምህር ወደ ነገሩ በቀጥታ አልገባም። ቤተሰቧ ደህና መሆኑን ጠየቀ። የአባቷን ስም ጠየቀ። አባቷ የት አገር ሰው እንደሆኑ ጠየቀ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ በሩን ማየት ጀመረች። ቀጥሎ የሰብለን ነገር ነገራት፣ ዲሌዩን እንድትተውልን ለመናት።

‹እኔ እኮ አይደለሁም የምወስነው› አለች። ‹ለካውንቲው፣ ለአውራጃው በሙሉ አንድ ውሳኔ ነው። ሳይነጋ ተነሥተው መንገዱን ዞረው የሚያዩ ሰዎች አሉ።›

‹ቤታቸውን አሳዪን› አለ መምህር። ‹እነሱም ዘንድ እንሄዳለን።›

— እውነት እንዲህ አለ?

አለ እንጂ! ንጉሤማ ‹መኪናዬ ውጭ ነች› አለ። እሷ ሳቀች፣ ግን ሳቋ ቶሎ ጠፋ። ‹እዚህ አስፋልቱ ደርቆ ይታያችኋል። ወደ ሰሜን፣ እርሻው ያለበት መንገድ፣ ዳገቱ መስተዋት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አውቶቡስ ከነልጆቹ ተንሸራቶ ቦይ ገባ። ማንም አልተጎዳም፣ ሾፌሩ ግን ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘም› አለች። እና ምን ትላታለህ? ልክ ናት። ሰው ሊለምን ሄዶ የሚለመነው ሰው ልክ ሲሆን ይደብራል።

መምህር ግን ቆሟል። እኛም ቆመናል። ላብ አሰመጠኝ፣ ካፖርት ከነጋቢ፣ ማሞቂያው ደግሞ እስከ ጥግ። እሷ ጠረጴዛውን ይዛ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አለች፣ ፊቷ ተኮማተረ። ንጉሤ አጎንብሶ ከጠረጴዛው በታች አየ። ‹ኧረ መምህር!› አለ በአማርኛ፣ ‹ሴትዮዋ እግሯ በጄሶ ነው!›

ጄሶ! እስከ ጉልበቷ! ‹ምን ሆነሽ ነው?› ብንላት እያፈረች ‹በዚያ ሰሞን ጠዋት፣ እዚህ ፓርኪንጉ ላይ አዳለጠኝ። ለልጆቹ በር ልከፍት ቀደም ብዬ ስመጣ› አለች።

መምህር እኔን አየኝ፣ እኔ ንጉሤን አየሁት። እሷ እኮ እኛ ስላልተቀመጥን ነው በአንድ እግሯ የቆመችው። እና ቀስ ብለን፣ አንድ በአንድ፣ ተቀመጥን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም ሲቀመጥ አይተህ ታውቃለህ? እኛ ተቀመጥን። እሷም እፎይ ብላ ተቀመጠች፣ ብስኩት አቀረበችልን፣ ንጉሤ ሁለት በላ።

ስንመለስ ሰብለ ላውንደሪው በር ላይ ቆማለች።

‹እሺ አሉ አባቶቼ?›

‹ጥሩ ሴት ናት› አለ መምህር።

‹እሺ አሉ ወይ?›

‹እንግዲህ ነገሩ ሰፊ ነው፣ የካውንቲ ጉዳይ ነው፣ ሰሜን በኩል ዳገት አለ› እያለ ሄደ፣ ሄደ። ሰብለ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ‹ስለደከማችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ› ብላ የታጠበ ልብሷን ይዛ ወጣች።

አሁን ዮናስ፣ አንተ ኮምፒውተር የተማርክ ሰው፣ እስቲ ፍረድ። ሦስት ሽማግሌ፣ ከነጋቢያችን፣ ካውንቲ ልናስታርቅ ወጣን። ከሦስቱ አንዱ ጠዋት ጠዋት ካፌ ነው። ‹ልጆቹን እኔ ጋ አምጫቸው› የምትል ቃል ከአንዳችን አፍ ወጣች? ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሽማግሌ የሕፃን አፍንጫ ሲጠርግ ማን አይቷል!

ታዲያ በሳምንቱ፣ እኔ ዕረፍቴ ነው፣ ያቺ ድምፅዋ የተቀዳ የስልክ ሴትዮ በደስታዋ ደወለች። ‹ውድ ወላጆች!› ቡናማ ኮቴን ደርቤ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ፣ ሰብለ በደረጃው ስትወርድ አየኋት፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዷ በግራ፣ ቦርሳቸው ከጀርባቸው። እኔን ሰላም ብላ አለፈችኝና የመምህርን በር አንኳኳች። በደንብ አንኳኳች። መምህር በፒጃማ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ከፈተ።

‹እንዴት አደሩ መምህር። ቁርስ በልተዋል። ትንሿ ጓንቷን ታወልቃለች፣ ይዩልኝ።›

‹ቆይ፣ ቆይ ልጄ፣ እኔ እኮ ዛሬ ካፌ ሰዎች...›

ልጆቹን አስገባች፣ የመምህርን እጅ ከበሩ ላይ በአክብሮት አንሥታ ወደ ውስጥ መለሰችለት፣ በሩንም ከውጭ ዘጋችው።