ጠበል ለሸርጣን

እዚህ በሰው አገር፣ በፓርክዴሉ ስትሪትካር፣ በከተማው ባቡር፣ ከፊቴ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሳጥን የታቀፈ ወጣት አሁን በስልክ በአማርኛ አውርቶ ጨረሰ። ሳጥኑ ኮሽ ኮሽ ይላል።

«የኔ ልጅ፣ ምን ይዘህ ነው?»

«የጭቃ ሸርጣን ነው፣ እማማ። ወንድሜ ሞምባሳ አጠገብ በኩሬ ያረባል። ትናንት በፕሌን ገባ።»

«በሕይወቱ?»

«አዎ፣ እግሩን አስረን እርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን።»

«ውሃ ውስጥ አታደርጉትም እንዴ?»

«በተዘጋ ውሃ ይታፈናል፤ እርጥበት ይበቃዋል። ቅድም እግሬ ስር ሳስቀምጠው ግን የወንበሩ ሂተር ጆንያውን አደረቀብኝ። የምወስድለት ሬስቶራንት ደግሞ የሞተ አይቀበልም። ዛሬ ካልወሰዱልኝ ወንድሜ ኩሬውን ሊዘጋው ነው።»

«እኛ እንኳ አንበላውም» አሉና ከቦርሳቸው የውሃ ፕላስቲክ አወጡ። «እንካ፣ አርከፍክፍበት።»

«አዳኑኝ፣ እማማ። የቧንቧ ነው?»

«ጠበል ነው።»

«እንዴ፣ ኃጢአት አይሆንብኝም? ሊበሉት እኮ ነው።»

«እስኪበሉት ድረስ ነፍስ አለው አይደል? ይልቅ ቶሎ በል።»

ክዳኑን ከፍቶ ጆንያውን አራሰው። ሳጥኑ ትንሽ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ኮሽ አለ።

«አሜን በላ» አሉት።

«አሜን።»

እኔም መውረጃዬ ሲያልፍ በመስኮት እያየሁ በልቤ አሜን አልኩ።