ታዛዥ ልጅና የማትደርቅ ጀልባ

በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊልኝ፣ ምርኩዜ እንዳይያዝ… እንዲያ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ኖላዊት። መቀመጫው ይሞቃል እንዴ? አይ፣ አታጥፊው፣ ለዳሌዬ ተስማምቶታል። እንዴት ያለ ቀን ነው ዛሬ፤ አርባ አራት ዓመት እዚህ ሰው አገር ስኖር ጥቅምት እንዲህ ወገግ ብሎ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሿን ሳሉ ተዋት? ጎሽ።

መንገዱ ገና ከኬንት ሳንወጣ ቆመ አይደል? ግድ የለም፣ አትቸኩዪ። ቀጠሮው አራት ሰዓት ነው፤ ነርሷም ብትሆን የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ።

ግን እኔ አትምጪ ብዬሽ አልነበረም? ትላንት በስልክ ስንት ጊዜ ነው ያልኩሽ? ታክሲ እጠራለሁ፣ አንቺ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሠሪ አምሽተሽ ከቤትሽ ከዴ ሞይን ድረስ አትንከራተቺ አልኩሽ። እሺ አልሽኝ። ጠዋት መጋረጃውን ብገልጥ መኪናሽን አሙቀሽ በሬ ላይ ቆመሻል። ይኼ ምን ይባላል? የማኅበራችን እጅጋየሁም እንዳንቺው ናት። ባለፈው ሳምንት «ምንም አልፈልግም፣ ሰውም አልፈልግም፣ ልረፍበት» አልኳት። ስልኩን ዘጋችና ሰዓት ሳይሞላ ሁለት የማኅበር ሴቶች አስከትላ መጣች። ፍሪጄን ከፍታ የበሰበሰውን ቃሪያ ለቅማ ጣለች። ምንጣፌን ጠቅልላ ጥግ አስያዘች፣ «ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያደናቅፍዎታል» ብላ። «አትምጪ አላልኩሽም ወይ?» ብላት «ብለውኛል» አለችና መጥረጊያው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዲህ ቃል ከማይሰማ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

እኔ ደግሞ ታዛዥ ለምጃለሁ።

ስም አልጠራም፤ ምን ያደርጋል? አንድ የወለድኩትን ስሙን ጠርቼ ባመሰግነው ጉራ ይሆንብኛል። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በየእሑዱ ፎቶ ሲለጥፍ ልብ የምትሰጪው አንቺ አይደለሽም? ስጪው፣ ይገባዋል። ማውንት ቤከር ሰፈር ያለውን ቤት፣ ሦስት መታጠቢያ ያለውን፣ ሸጦ ግሬናዳ የምትባል ደሴት ሄደና ባለ ሸራ ጀልባ ገዛ። ሃምሳ ሳይሞላው ሥራ በቃኝ አለ። ስንቱ ሰው ነው እንዲህ የሚደፍር? እኔ ምድር ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ነበር፤ ለእኔም አስቦልኛል። «ማሚ፣ ኬንት ጥሩ አፓርታማ አገኘሁልሽ፣ ሊፍት አለው» አለኝ። አለው፣ እውነቱን ነው። አንዳንድ ቀን ይሠራል።

ጀልባዋ ደግሞ ነጭ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ምን ይወጣላታል። ባሕር ላይ ግን አይደለችም። ይኼን ልብ ብለሻል? ከመጋቢት ጀምሮ የጀልባ መጠገኛ ግቢ ውስጥ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ በብረት ድጋፎች መካከል ተገትራ ቆማለች። ሆዷን ቀለም ሊያስቀባ ለሁለት ሳምንት ነበር ያወጣት። ሠራተኛው በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ ሲያደርጋት ድምጿ አላማረውም። ውኃ ገብቶባታል፣ ቆዳዋ ተልጦ መድረቅ አለባት አለ። ይኸው ትደርቃለች። በየቀኑ በሚዘንብበት ደሴት፣ በዝናብ ወራት፣ እየደረቀች ነው። ሰባት ወር ሆናት። እኔ ሠላሳ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ስሠራ ያላገላበጥኩት የባሕር ጉዞ መጽሐፍ የለም። ማዕበሉን አንብቤያለሁ፣ ወንበዴውን አንብቤያለሁ፣ በረሃብ ጫማውን ቀቅሎ የበላውንም አንብቤያለሁ። መሬት ላይ ሆኖ በመሰላል እየወጣ የሚኖር መርከበኛ ግን… ደራሲዎቹ አላሰቡትም።

በመሰላል ነው እኮ የሚወጡት፣ እሱና ሚስቱ፣ አንድ ሙሉ ፎቅ የሚያህል። ዕቃ ማጠቢያው ላይ ውኃ ማፍሰስ አይቻልም፤ ከታች በሚሠራው ሰው ራስ ላይ ይወርዳል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው። ውስጧ እንደ ምድጃ ይግላል፣ የጎረቤት ጀልባ ሲፋቅ አቧራው አልጋቸው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ትንኙን ተይው። ሚስቱ ሳህኑን በባልዲ ይዛ ስትወርድ ፎቶ አንስቷት አየሁ፤ ትስቃለች ምስኪን። ደግ ሴት ናት፣ በእሷ ነገር የለኝም። ከሥሩ «ነፃነት» ብሎ ጽፎበታል። ነፃነት ነው እንግዲህ… እኔ ምን አውቃለሁ?

ትጋቱን ግን አደንቃለሁ። በየሰኞው የግቢው አለቃ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ እንደ ሐኪም ሆዷ ላይ እያስጠጋ እርጥበቷን ይለካል። ልጄ ቁጥሩን በቃሉ ነው የሚይዘው። ባለፈው ሰኞ ግራ ጎኗ አሥራ ዘጠኝ፣ ቀኝ ጎኗ አሥራ ስድስት፣ ከነሐሴ ወዲህ ሦስት ቀነሰ ብሎ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ «ማሚ፣ ያንቺ ዳሌ የትኛው ነበር? ግራው ነው ቀኙ?» አለኝ… ሰው ስንቱን በጭንቅላቱ ይይዛል?

ሐምሌ ላይ ማዕበል ይመጣል ሲባል ደግሞ አይተሽው ቢሆን። በወፍራም ቀበቶ ከመሬት ጋር አሰራት፣ መስኮቶቿን ሸፈነላት፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረውም። በዚያው ሳምንት እኔ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወድቄ ነበር። አልነገርኩትም፤ ማዕበል ያለበት ሰው እንዴት ይረበሻል? በቪዲዮ ሲደውል ግንባሬ በልዞ አየኝ። ልጅ አይደል፣ ዓይኑ አያልፍም፤ አተኩሮ አየኝና «ማሚ፣ አምፖልሽ ደብዛዛ ነው፣ ፊትሽን አጠቆረው፣ ቀይሪው» አለኝ። ቀየርኩት።

ታዛዥነቱን ነበር የምነግርሽ። ሐኪሙ ዳሌዬ መቀየር አለበት ያለኝ ግንቦት ላይ ነው። ደወልኩለት። «ልምጣ?» አለኝ፣ በእንግሊዝኛ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪ ነበር? እኔም ያልኩት ያንኑ ነው። «አይ፣ መጥተህ ምን ልትሠራ? አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አትምጣ።» «ኦኬ ማሚ» አለኝ። በቃ። አንድ ጊዜ ጠየቀ፣ አንድ ጊዜ መለስኩ፣ አለቀ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ። አልተቋረጠም፤ ስለ ጀልባዋ መሪ ይነግረኝ ጀምሯል። ቀዶ ጥገናው ለሐምሌ ተቀጠረ፤ አስታማሚ የለኝም ብዬ አስተላለፍኩት። ለመስከረም ተቀጠረ፤ እሱንም አስተላለፍኩት። ሁለቱንም ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ አትምጣ አልኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ ታዘዘኝ። ለሚስቱም «እናቴ ጠንካራ ናት፣ ሰው አትፈልግም፣ ፍላጎቷን አከብራለሁ» ብሏታል አሉ። አክብሮት ነው ይኼ። የሌላው ልጅ እናቱ አትምጣ እያለችው አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቶ በር ያንኳኳል። ምን ዓይነት ንቀት ነው?

ጥፋት ካለም የኔ ነው ልበል? ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሪው፣ ወደ ኋላ እንዳይቀር» አለኝ። አናገርኩት። ወደ ኋላ አልቀረም፤ ወደ ፊት ሄዶ ሄዶ ግሬናዳ ደረሰልኝ። ከወጋችን ያስያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ያገራችን ሰው ኪዳነ ወልድ ቤት ተጋብዘን። ገና «ይጨመርልህ?» ሲሉት «አዎ» ብሎ ሳህኑን ዘረጋ። መኪና ውስጥ ስንገባ ጭኑን ቆነጠጥኩት። ሰው ቤት መጀመሪያ እምቢ ይባላል አልኩት፤ ሁለተኛም እምቢ ይባላል፤ ሦስተኛ ሲለምኑህ ያኔ ትንሽ ትቀምሳለህ። ጎበዝ ነው፣ ወዲያው ያዘው። ፈረንጅ ጓደኞቹ ቤት እየሄደ ስንት ቀን ርቦት ተመለሰ። እምቢ ማለትን አስተማርኩት። የሰውን እምቢታ አለመቀበልን ግን… እሱ ደግሞ የሚማሩት ነገር አልመሰለኝም ነበር።

ምን ታዪኛለሽ? መንገዱን እዪ። እናቴን የነገርኩሽ ትዝ አለሽ? እሷማ ከደሴ «ደህና ነኝ፣ እንዳትመጪ፣ ልጅሽን አሳድጊ» ብላ ስትጽፍልኝ እኔ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም። አገሩም የሚገባበት አልነበረም። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ… ሥራ ነበረኝ። የኔ ሌላ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ ታዛዥ ሰው ነው።

ያስቸገረኝ ለነርሷ የምነግራት ነው። ባለፈው በስልክ «ሐሙስ ቀዶ ጥገናው ከተደረገልዎት በኋላ ሁለት ሳምንት አብሮዎት የሚሆነው ማነው?» አለችኝ። ልጅ አለኝ አልኳት። «የት ነው?» ጀልባ ላይ። «ባሕር ላይ ነው?» የለም፣ መሬት ላይ ነው። «መቼ ይመለሳል?» ስትደርቅ። ይኼኔ «ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ አስተርጓሚ ላቅርብልዎት?» አለችኝ። ለእኔ… ያገሩ ሰው ያላነበበውን መጽሐፍ ሁሉ ላነበብኩት። ብቻ ዛሬ የሰው ስም ካልሰጠኋት ከሆስፒታሉ በቀጥታ ማገገሚያ ቤት ነው የሚያስገቡኝ። ወዳጃችን አማረ የገባበትን አይተሽዋል አይደል? ለሦስት ሳምንት ገብቶ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ማንም የማያጠፋው ቴሌቪዥን ፊቱ ተሰቅሎ፣ ስሙን እንኳን ሞሪስ እያሉ ነው የሚጠሩት። እኔም እገባለሁ፤ ምን አለበት? መጽሐፎቼን በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ። የጀልባዋንም ፎቶ እያየሁ እደሰታለሁ።

አይ… አይ፣ ኖላዊት፣ እሱንስ አታንሺው። ልጆች አሉሽ። እኔ ይኼን ያወራሁት አንቺን ላስቸግር ብዬ መሰለሽ?… አይደረግም አልኩሽ። ሥራሽስ?… ፈቃድ ወስደሻል? መቼ? እኔን ሳትጠይቂ?… ባልሽ ምን ይላል፣ አሮጊት ሳሎኑ ውስጥ አጋድመሽበት?… አይ፣ የልጆቹን ክፍልማ ጭራሽ አይሆንም። የት ሊተኙ ነው?… አልጋዬ ላይ ይተኙ አለች? ትንሿ ናት እንዲያ ያለችው?

እንግዲህ… እንግዲህ ካልሽ ምን አደርጋለሁ። ሦስት ጊዜ እምቢ ብያለሁ፣ ምስክሬ ራስሽ ነሽ። ለነርሷ ስምሽን እሰጣታለሁ። ሁለቱን ሳምንት ብቻ ግን ነው፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቀን አልጨምርም። ሶፍት አቀብዪኝ እስቲ፣ የመኪናሽ ማሞቂያ ዓይኔን አቃጠለው።

ይኼን ሁሉ ለእሱ እንዳትነግሪው። እሑድ ደውሎ «እናቴ እንዴት ናት?» ካለሽ ደህና ናት በዪው። ድንገት ከነገርሽውም በእንግሊዝኛ ንገሪው፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው። የተቀየምኩት እንዳይመስለው ብዬ ነው። ቅያሜ ምን ያደርግልኛል በዚህ ዕድሜዬ? ይልቅ ምርቃቴን አድርሺለት።

እግዚአብሔር ጀልባዋን ያድርቅለት። ሸራዋን ዘርግቶ የተመኘው ባሕር ላይ ያውጣው። ዕድሜ ይስጠው፣ ከእኔ የረዘመ፤ ያቺ ፖርትላንድ ኮሌጅ ያለችው ልጁ፣ ሩሐማ፣ ልክ እንደ አባቷ ሰው አክባሪ፣ ቃል ሰሚ ትሁንለት። እሱም በተራው አርጅቶ፣ ብቻውን አልጋ ይዞ፣ «አትምጪ የኔ ልጅ፣ እኔ ደህና ነኝ» ያላት ቀን… ሁለተኛ ሳትጠይቀው በአንድ ቃል እሺ ትበለው።

አሜን በዪ እንጂ።