መርዶ ለቀለበት

ጋሽ ዓለምነህ ከወልድያ መናኸሪያ የመርሳውን ሚኒባስ የተሳፈሩት ዓይናቸውን ለሐኪም አሳይተው ሲመለሱ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ስለነዱ ተሳፋሪ ሆኖ መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የእሳቸውም እጅ ጭናቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት ይህን አይታ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ አንቱ ቢይዙት ሳይሻል አይቀርም።»

«እኔ ብይዘውማ ይኼኔ ሲሪንቃ ነበርን» አሏት።

ጨዋታቸው በዚህ ተጀመረ። እየሩሳሌም እንደምትባል፣ የግብርና ትምህርት ጨርሳ ሲሪንቃ በማሽላ ሙከራ ላይ እንደምትሠራ ነገረቻቸው። ከተማውን ወጣ እንዳሉ የጋሽ ዓለምነህ ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ስልካቸው የሚናገረው ለመኪናው ሁሉ ነው።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ?» አለ የእህታቸው ልጅ ሮቤል። «አይሱዙውን መርሳ መግቢያ ላይ ቦዩ ውስጥ አዘንብለን አቁመነዋል። የቲማቲም ድልህ ተቀብቻለሁ፤ ቁርጥ ደም ነው የሚመስለው! የሚቀርፀውም ልጅ መጥቷል። እንግዲህ እንደደረሱ ለሰላማዊት ይደውሉላታል። ደግሞ ሞተ እንዳይሏት፣ አደራ! ትንሽ ተጎድቷል፣ ነይ፣ ይበሏት፤ በቃ። እየሮጠች ስትመጣ ብድግ ብዬ እንበረከካለሁ፣ ቀለበቱን አወጣለሁ፣ ልጆቹ ፊኛውን ይለቁታል!»

«ገባኝ፣ ገባኝ» ብለው ዘጉት። ደስ ብሏቸዋል። በዚህ ዕድሜያቸው ወጣቶች ለደስታቸው ሲፈልጓቸው እንዴት ደስ አይላቸው?

እየሩሳሌም ወደ እሳቸው ዞር አለችና «ጋሼ፣ የሰው ስልክ ማዳመጥ ነውር ነው፤ ግን አንቱው አሰሙኝ» አለች። «ልጅቱ ነገሩን ታውቃለች?»

«ካወቀችማ ምኑን ሰርፕራይዝ ሆነው?» ቃሉን ከሮቤል ከተማሩት ሳምንት አልሞላቸውም፤ አፋቸውን ሞልተው ነው የተናገሩት።

«ታዲያ የታመመ፣ የቆሰለ ሰው አለ ብሎ ማስደንገጥ ምን የሚሉት የፍቅር ጥያቄ ነው?»

«አንቺ ደግሞ የተማርሽ ሆነሽ የዘመኑን ነገር ለእኔ ትተይልኛለሽ! ስሚኝ ልጄ። በእኛ ጊዜ ሽማግሌ ይላካል፤ አባት እሺ ይላል፤ ልጅቱ ጓዳ ሆና በወሬ ትሰማለች። ዛሬ ግን ወንዱ ራሱ ተንበርክኮ ይጠይቃታል። ይኼ መሻሻል አይደለም? ሠርግ ደግሞ ማስታወሻ ይፈልጋል። ትንሽ ደንገጥ ብትል፣ በኋላ ለልጆቿ እየሳቀች ታወራዋለች።»

ከኋላ ወንበር የተቀመጡ የሐራ ነጋዴ ሴት ጣልቃ ገቡ። «የእኔስ ባል ሳይጠይቀኝ ነው የወሰደኝ። እስካሁንም ሰርፕራይዝ ላይ ነኝ!»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እየሩሳሌም ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ ድሮ ጓዳ ሆና ይወሰንላት ነበር፤ እውነትዎን ነው። አሁን ደግሞ አደባባይ አውጥተው ይወስኑላታል። ይኼ ሁሉ ሰው ስልኩን ደግኖባት፣ ልቧ ከድንጋጤ ሳይመለስ፣ እንቢ ማለት ትችላለች? እንቢ ማለት የማይቻልበት ጥያቄ ደግሞ ትእዛዝ ነው።»

«እንቢስ ለምን ትላለች? ትወደዋለች።»

«ነግራዎታለች?»

ለጋሽ ዓለምነህ ይህን የነገረቻቸው እሷ አይደለችም። ሮቤል ነው የነገራቸው። ልጅቱን ጠይቀው አያውቁም። በስንቱ ሽምግልና ተልከው፣ በስንቱ ደጅ ቆመው፣ የስንቷን ልጅ ፈቃድ ራሷን ጠይቀው ያውቃሉ? አንዷንም። የአባትን ፊት ማንበብ እንጂ የልጅን ልብ መጠየቅ ማንም አላስተማራቸውም፤ እሳቸውም ጎደለኝ ብለው አያውቁም ነበር።

«እኔን እንደዚሁ ነበር የጠየቁኝ» አለች እየሩሳሌም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኤፍሬም ከሚሠራበት ፎቅ ወደቀ ብለው ጓደኞቹ ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው እናቴ ናት። አብረን ሮጥን። ስንደርስ ሙዚቃ ተከፈተ፤ ኤፍሬም በአበባ መሀል ተንበርክኳል። ሁሉም ያጨበጭባል። አዎ አልኩ። ምን እንደተጠየቅሁ እንኳ አላውቅም፤ በሕይወት ስላየሁት ነው አዎ ያልኩት። ዞር ስል እናቴ መሬት ላይ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዝላትም።»

«እግዚኦ!»

«ቪዲዮውን ብዙ ሰው አይቶታል፤ ወዶታል። እናቴ ስትወድቅ ግን አይታይም። ቆርጠው አውጥተውታል።»

«ተጋባችሁ?»

«እንዴት ብዬ? ባየሁት ቁጥር እናቴ ናት የምትታየኝ። እሱም ክፉ ሰው አልነበረም እኮ፤ አሳስቃታለሁ ብሎ ነው።»

እየሩሳሌም ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ «ለመሆኑ አንቱ ሲያገቡ የማይረሳዎት ነገር ምንድን ነው?» አለቻቸው።

ጋሽ ዓለምነህ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «ባለቤቴን የሻረግን ይዘን ስንመለስ መኪናው የወንዝ አሸዋ ውስጥ ተያዘ። ሚዜዎቹ ሲነታረኩ እሷ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደችና ትገፋ ጀመር። ሙሽራ እኮ ናት! እየሳቀች ነበር። ይቺ ሴት ከእኔ ጋር መንገድ ትወጣለች አልኩ በልቤ።»

«ማን አቀደው?»

«ማን ያቅደዋል?»

«ማቀድ ጥሩ ነው፤ ማቀድን አልጠላም። ግን ወንድ ማቀድ ከፈለገ መጀመሪያ ለብቻዋ፣ በሰላም ቀን ይጠይቃት፤ ታስብበት። እሺ ካለች በኋላ አበባውንም ፊኛውንም ከእሷ ጋር ይምረጥ። ያልጠበቀችው ነገር ይሁን ካለም ከምትወደው ነገር ይሥራው፤ ከምትፈራው አይሥራው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለምን አንቱን መረጠዎ? አንድ ጓደኛው አይደውልላትም?»

«የእኔ ቃል ስለሚታመን ነዋ!» አሉ ጋሽ ዓለምነህ ቀና ብለው። «ጓደኞቹ ቢደውሉ ቀልድ ይመስላታል። እኔ ከደወልኩ ግን አትጠራጠርም። አባቷ ሰለሞን ረዳቴ ነበር። ቁልቁለት ላይ ከነጭነቱ ተገልብጦ ሲሞት ቤተሰቡን ያረዳሁት እኔ ነኝ። ያኔም አስቀድሜ ስልክ ደውዬ ሰለሞን ትንሽ ተጎ...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቆመ። በአገራችን ሽማግሌ የሞተን ሰው በአንድ ጊዜ ሞተ አይልም፤ ትንሽ ተጎድቷል ብሎ ልብ ያለማምዳል። ሮቤል ያስጠናቸው ቃል ያው ራሱ ቃል ነበር። የሚኒባሱ ረዳት «ሲሪንቃ ወራጅ!» ሲል እየሩሳሌም ተነሥታ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችና ወረደች።

መርሳ መግቢያ ላይ አይሱዙው አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ደፍቶ፣ ጎኑ ላይ ቀይና ነጭ ፊኛዎች ታስረውበት ቆሟል። ጋሽ ዓለምነህ እዚያው ወረዱ። ሮቤል ካርቶን ላይ ተጋድሞ ጸጉሩን በስልኩ መስታወት ያስተካክል ነበር።

«ጋሼ! ቶሎ ይደውሉ እንጂ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅብን!»

«አልደውልም።»

«እንዴ? ምን ነካዎ?»

«ለምንድን ነው እኔ እንድደውል የፈለግኸው?»

ሮቤል ጓደኞቹን ዞር ብሎ አየ። «ያው... አንቱን ታምናለች። የምሯን ትመጣለች። የምር እንባ ከሌለበት ቪዲዮውን ማን ያየዋል?»

«የሰለሞንን ልጅ እንባ ለማየት ነው የለፋኸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ክፉ ነገር አላሰብኩም፤ ዕድሜ ልኳን የማትረሳው ነገር ላደርግላት እኮ ነው! አንቱ ካልደወሉ ይኼ ጓደኛዬ ሽፈራው ይደውላል።»

«እሱ ሳይደውል እኔ እደርሳለሁ» አሉና ያገኙትን ባጃጅ አስቁመው ገቡ።

የሰላማዊት እናት የሺ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ጋሽ ዓለምነህ ከባጃጁ ሲወርዱ አየች። ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ። ብድግ አለችና ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ እንደ ለቀስተኛ ወገቧ ላይ አሰረች።

«ማን ነው? ጋሼ፣ ንገሩኝ፣ ማን ነው?»

«ማንም! ገብርኤልን፣ ማንም አልሞተም! ሁሉም ደህና ነው!»

«ያኔም እኮ ትንሽ ተጎድቷል ብቻ ነበር ያሉኝ!»

ጋሽ ዓለምነህ ከደጁ ሳይገቡ ቆሙ። በዚህች ከተማ እንደሚከበሩ ያውቁ ነበር፤ በዚህ ቤት ግን መልካቸው መርዶ መሆኑን እስከዛሬ አላወቁም። ገና አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ይህን ያህል ካደረገች፣ ያን ቃል በስልክ ብትሰማ ምን ልትሆን ኖሯል?

ሰላማዊት ከውስጥ ወጥታ እናቷን ደገፈቻት፤ አረጋግታ አስቀመጠቻት። ለሽማግሌውም የሚቀመጡበት ዱካ ሰጠቻቸው። ጋሽ ዓለምነህ መዋሸት አልሆነላቸውም፤ ቦዩንም ድልሁንም ካሜራውንም አንድ በአንድ ነገሯት።

ልጅቱ አላለቀሰችም። «ምን ሊሉኝ ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ትንሽ ተጎድቷል።»

«እሱ የነገረዎትን ነው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

ሰላማዊት የእናቷን የወደቀ ሰፌድ አነሣች። «ያን ቀን ምን ብለው እንደደወሉልን፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጠራ እንዴት እንደምደነግጥ፣ ለሮቤል የነገርኩት እኔ ነኝ። ለሌላ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አልቅሶልኝ ነበር።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ብቻውን መጥቶ ይጠይቅሽ? ወይስ አይምጣ ልበለው? እንደ አንቺ ፈቃድ ነው የማደርገው።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ጥያቄው እንግዳ ሆኖባት ነበር። «ይምጣ» አለች። «ስልኩን ትቶ ይምጣ።»

ጋሽ ዓለምነህ ተመልሰው ሲነግሩት ሮቤል በመጀመሪያ «ካሜራውስ?» አለ። ፊታቸውን አይቶ ሁለተኛ አልጠየቀም። ከጄሪካን ውሃ ፊቱን ታጥቦ በእግሩ ሄደ። ቀዩ ግን ከሸሚዙ አንገትጌ አልለቀቀም።

ሲመለስ አይሱዙው ከቦዩ ወጥቷል። ጓደኞቹ ወደ ከተማ ገብተዋል። ጋሽ ዓለምነህ ብቻ ከጎማው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።

«እንቢ አለችኝ» አለ ሮቤል።

«ምን ብላ?»

«እወድሃለሁ፤ ግን የሚያመኝን ቦታ ካሳየሁህ በኋላ እዚያው ላይ ልትመታኝ አሰብህ፤ ሁለተኛ ምንም ላሳይህ አልችልም፣ አለች።»

«ማን ሰማ?»

«እሷና እኔ ብቻ። እናቷ እንኳ ጓዳ ነበሩ።»

«ትርፉ እንግዲህ ይኼ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ዓለምነህ። «በድልህ ተለውሰህ፣ በሰው መሀል ብትጠይቃት፣ ደንግጣ አዎ ትልህ ነበር። ያን አዎ ይዘህ ትደግስ ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ እውነቱ ይመጣ ነበር፤ ምናልባት ልጅ ከወለዳችሁ በኋላ። ዛሬ እንቢታዋን በሰላም ተናገረች፤ አንተም ሰው ሳያይህ ሰማህ። እሷም በመንገድ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች፤ አንተም። ወደፊት የምትጠይቃት ሴት ብትኖር እንደዛሬው ጠይቃት፤ ከዚያ በፊት ግን እንደ ድልሁ ያለ ነገር አታስብ።»

ሮቤል አንገትጌውን ይፈትግ ነበር።

ጋሽ ዓለምነህ ከዚያ ወዲህም ለሽምግልና ይለመናሉ፤ እንቢ አይሉም። ነገር ግን በአባትዬው ደጅ ከመቆማቸው በፊት ከልጅቱ ጋር ለብቻቸው ካልተነጋገሩ አይሄዱም፤ አልፈልግም ካለች ሽምግልናው እዚያው ይቀራል፤ ማንም ምክንያቱን ከእሳቸው አይሰማም። አንዳንዱ ወላጅ አዲስ ሥርዓት አመጡብን ብሎ ያማቸዋል። እሳቸው ግን ወደ የሺ ቤት በሚያስኬደው መንገድ ሲያልፉ፣ ገና ከሩቅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ደህና ዋላችሁ! እንዲሁ ነው የማልፈው!» ይላሉ። የሺ መልስ ትሰጣቸዋለች፤ እጇ ግን ሁልጊዜ ነጠላዋ ላይ ነው።